ሳይለያዩ የሚማሩት ትምህርት

መንገደኛ ሁሉ ወደየአገሩ ከመበተኑ በፊት በአንድ ገበያ ይገናኛል። ጅማ ዛሬ ያላትን መልክ ይዛ ከመቈርቈሯ አስቀድሞ በዚህ ምድር የነበረው የሒርማታ ገበያ እንዲህ ያለ መገናኛ ነበረ። ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች በየሐሙሱ ይቆም በነበረው በዚህ ገበያ የጅማው ገበሬ፥ የከፋው ባለ ማር፥ የዳውሮው ሸማኔ፥ ከሰሜንም የወረደው ሲራራ ነጋዴ ቋንቋቸው ሳይገጥም ይገበያዩ ነበር። ቡናና ዝባድ፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ተሸጦበታል፤ እጅግም በሚያሳዝን ሁኔታ የሰው ልጅ ራሱ ተሸጦበታል። ሆኖም የገበያው ጥቅም ዕቃ በመለዋወጥ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ከወገኑ ውጭ ያለውን ሰው ፊት ለፊት የሚያይበት፥ ነገሩንም የሚሰማበት ቦታ በመሆኑ ጭምር ነበረ እንጂ።

የትምህርትም ነገር እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ወደ ሕክምናው፥ መሐንዲሱ ወደ ግንባታው፥ የሕግ ዐዋቂው ወደ ፍርድ አደባባዩ ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሁሉም በአንድነት ተቀምጠው ሊማሩት የሚገባ የጋራ ትምህርት አለ ወይስ የለም? አለ ከተባለስ ምን ይሁን፤ መራጩስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ከሰባ ዓመት በላይ ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። ፍሬሽማን በሚባለው በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው የታሪክ፥ የፍልስፍና፥ የቋንቋና የሥነ ምግባር ትምህርት፥ ባንድ ስም ሂዩማኒቲስ የሚባለው፥ መንግሥት በተለወጠ ቍጥር አብሮ ተለውጧል፤ አንድ ጊዜም ከነዓመቱ ተሠርዞ ኋላ ተመልሷል። የዚህን ትምህርት ታሪክ የተከተለ ሰው፥ በየዘመኑ ያሉ ሹማምንት ከወጣቱ ምን እንደ ተመኙና ምን እንደ ፈሩ ሊረዳ ይችላል።

ጥያቄው ግን ከኮሌጅ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ንባቡን የጨረሰና ዜማውን የቀመሰ ተማሪ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ከመግባቱ አስቀድሞ በቅኔ ቤት ማለፍ የተለመደ ነው። ብሉይ የሚያሄደውም፥ ሐዲስ የሚያሄደውም፥ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚመረምረውም ቅኔ ቤት ሳለ ገና አልተለያየም። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፥ ተማሪው የግዕዙን ሰዋስው ከነአገባቡ ያጠናል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ በየደረጃው ወደ መወድስ ስምንት ቤት ይወጣል። ሰምና ወርቁን መለየት፥ አንዱን ቃል በሁለት ፊት ማየት፥ ከታሪኩም ከመጽሐፉም ምሳሌ መንቀስ የሚማረው በዚህ ነው።

ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው የማስተማሩ ስልት ነው። መምህሩ የራሱን ቅኔ ዘርፎ ምሥጢሩን ይፈታል፤ ተማሪው ግን ያንኑ ደግሞ በመናገር አያልፍም። ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ገለል ብሎ የገዛ ራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ይነቅፋል፥ ያቃናል፥ ደግ ሆኖ ሲያገኘው ያመሰግናል። የሌላውን ቅኔ ሰርቆ መናገር በጉባኤው ዘንድ ነውር ነው። ሁሉ የግድ የሚማረው ትምህርት ሆኖ ሳለ ሁሉን አንድ ዓይነት ቃል አያናግርም። ይህ ነገር ከዚህ በታች ለሚነገረው ታሪክ ሁሉ መመዘኛ ይሆናል።

ሌሎችም ሕዝቦች ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የእስልምና መምህራን ዘንድ ነሕው የሚባለው የዐረብኛ ሰዋስው ለትልልቆቹ የሃይማኖትና የሕግ መጻሕፍት መግቢያ ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የነበሩ ተማሪዎችም ወደ መንፈሳዊው ትምህርት፥ ወደ ሕጉና ወደ ሕክምናው ከመሻገራቸው በፊት ሰዋስውን፥ የአመክንዮን ጥበብና የንግግርን ጥበብ ይማሩ ነበር። በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ያለው ኮሎምቢያ ኮሌጅ ደግሞ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት፥ እ.ኤ.አ. በ1919፥ ስለ ዘመኑ ሥልጣኔ የሚያስተምር አንድ ትምህርት በጀማሪዎቹ ሁሉ ላይ የግድ አደረገ። መነሻው በጦርነቱ ጊዜ ለወታደር ተማሪዎች የጦርነቱን ምክንያት ለማስረዳት የተሰናዳ ትምህርት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ያሉትን ታላላቅ መጻሕፍት ተማሪው ራሱ እያነበበ የሚወያይበት ሌላ የግድ ትምህርት ተጨመረ። እንግዲህ እዚያም ቢሆን የጋራ ትምህርት የተወለደው ከጭንቀት ነው፤ ዓለም በደም ከታጠበ በኋላ መምህራኑ ለወጣቱ ምን እናውርሰው ብለው ከመጨነቃቸው የተነሣ ነው።

በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ኮሌጅ የተመሠረተው ከጦርነት በኋላ ነው። ጠላት በአምስቱ ዓመት ወረራ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ገድሎ ነበርና አገሪቱ ሰው አጥታ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረጉ፤ ትምህርቱም በ1943 ተጀመረ። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ተወላጅና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው የካህናት ልብሳቸውን ትተው እንደ ሕዝባዊ ለብሰው፥ ሃይማኖታቸውንም ሳይሰብኩ አስተማሩ። ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ የኢየሱሳውያን ስም በኢትዮጵያ ምን ያህል የመረረ እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሃይማኖት ሳይለያይ ስለ ሰው ልጅ ዕውቀት መነጋገር እንደሚቻል በሥራ ታይቷል።

ኮሌጁ ግን አንድ ታላቅ ጉድለት ነበረበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጥ፥ መጻሕፍቱም በአብዛኛው ስለ ሌላ አገር የሚናገሩ ስለ ነበሩ፥ የአገሩ ተማሪ የሶቅራጥስን ስም ዐውቆ የአገሩን ሊቅ ስም ሳያውቅ ሊመረቅ ይችል ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከደከሙት አንዱ በ1940ዎቹ አጋማሽ መጥተው ለብዙ ዓመት በኢትዮጵያ የኖሩትና በ2004 ዓ.ም. ያረፉት የፍልስፍናው መምህር ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ናቸው። እርሳቸው አንጋረ ፈላስፋን፥ የዘርዐ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን ሐተታ፥ የስክንድስን ሕይወትና ፊሳልጎስን ከግዕዝ እየመረመሩ በአምስት ቅጽ አሳተሙ። ኋላም የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፥ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ ሰብስበው የጥበብ መጻሕፍት መሆናቸውን ገለጡ። በሐተታው ደራሲ ማንነት ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ቢሆንም ግዕዙም ኦሮምኛውም በኮሌጅ ጉባኤ ፊት እንደ ጥበብ ምንጭ መቅረባቸው ትልቅ ነገር ነው።

የኮሌጁ ወሬ በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም። በአሜሪካ መንግሥት እርዳታና በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን አማካይነት በ1945 ዓ.ም. በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሐረርጌ በዓለማያ ይሠራ የነበረው የእርሻ ኮሌጅ ሕንጻው ገና ስላላለቀ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በ1946 በዚሁ በጅማ ነበር፤ ወደ ዓለማያ የተዛወሩትም በ1949 ነው። ስለዚህ የዓለማያ ኮሌጅ ፍሬሽማን የተባለው ክፍል መጀመሪያ የተቀመጠው በቡናው አገር ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የኮሌጁ መሥራቾች የመጡበት የአሜሪካ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች የቆሙት እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ ነው። ያ ሕግ ኮሌጆቹ እርሻንና ጥበበ እድን በተለይ እንዲያስተምሩ ሲያዝዝ፥ ሌላውን ሳይንስና የጥንቱን ሥነ ጽሑፍ ከትምህርታቸው እንዳያስወጡ አብሮ ደንግጓል። የአራሹም ልጅ ሞፈርና ቀንበሩን ብቻ ሳይሆን የሰውን ልጅ ታሪክና አሳብ የማወቅ መብት አለው ማለቱ ነበረ። በኢትዮጵያ ግን ስለ እርሻ ትምህርት በተነገረ ጊዜ የሕጉ የፊተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ሲታወስ የኋለኛው ተረስቶ ኖሯል።

በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ተለያይተው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በዚያን ዘመን የመጀመሪያው ዓመት የፈተና እሳት ነበረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጦ የመጣው ተማሪ በእንግሊዝኛው ክብደትና በትምህርቱ ብዛት ተጨንቆ ገና ዓመቱ ሳይጋመስ የሚሰናበተው ብዙ ነበርና ተማሪዎቹ በገና ሰሞን የተባረረውን ሰው በቀልድ “የገና ምሩቅ” ይሉት ነበር። ቀልዱ ግን ውስጡ መራራ ነው፤ የጋራው ትምህርት ሁሉን ሰብስቦ የሚያስተምር ሳይሆን በወንፊት የሚያበጥር ሆኖ ለብዙ ቤተ ሰብ ኀዘን ያመጣ እንደ ነበረ ያስረዳልና።

ይሁን እንጂ ወንፊቱን ያለፉት ጠያቂዎች ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄደ ሲያገለግል፥ በመጽሐፍ ያላገኛትን ኢትዮጵያ በዓይኑ አየ። መንግሥት ሠራተኛ እንዲሆኑለት ያስተማራቸው ወጣቶች መርማሪዎች ሆነው ተነሡበት። ከዚህ በኋላ የመጣው መንግሥትም ይህን በሚገባ ያስተዋለ ይመስላል።

ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ተማሪዎቹን ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላካቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም ሁለት ዓመት ያህል ከወትሮው ትምህርት ተከለከለ። ሲመለሱ የማርክስና የሌኒን ፍልስፍና እንዲሁም የፖለቲካ ኢኮኖሚ የግድ የሚማሯቸው የጋራ ትምህርቶች ሆነው ቆዩአቸው። ፍልስፍና በስሙ ለሁሉ የሚዳረስ ትምህርት ሆነ፤ ነገር ግን ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት መልሱ ተጽፎ የተቀመጠ ፍልስፍና ነበረ። ከመምህሩ የተለየ አሳብ ማቅረብ ሕይወትን ሊያስከፍል በሚችልበት ወራት ተማሪ የተነገረውን መልሶ ከመናገር በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? በቅኔ ቤት ምሳሌ ቢነገር፥ መምህሩ የዘረፈውን ያንኑ ቅኔ ሁሉ እየደገመ የሚያልፍበት ጉባኤ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ትምህርቱ የሚያለቅስለት ዘመድ ሳያገኝ በአንድ ቀን ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሥነ ዜጋና የሥነ ምግባር ትምህርት በጋራው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሕገ መንግሥትንና የዜጋን መብትና ግዴታ ማስተማሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው የገዢው ፓርቲ አሳብ ማስተላለፊያ አድርጎ ስላየው እንደሚገባው አልተወደደም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በተግባር ሲውል ደግሞ 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ተባሉ። ፍሬሽማን ይማረው የነበረውን መሰናዶው ይሸፍነዋል በሚል ምክንያት በ1996 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው የጋራ ዓመት ቀረ፤ የአራቱ ዓመት የዲግሪ ትምህርትም በብዙው ክፍል ወደ ሦስት ወረደ። ኋላም ከመቶው ተማሪ ሰባው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፥ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስና በሂዩማኒቲስ እንዲመደብ ተወሰነ።

በ1992 ዓ.ም. የእርሻው ኮሌጅና የጤናው ሳይንስ ተቋም ተዋሕደው የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ወጣትነቱን ያሳለፈው በዚህ ዘመን ነው። ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በሥራ ላይ በማስተማር ስሙ የተጠራ ሆነ። ይህም ራሱ ለጥያቄው አዲስ ፊት ሰጠው። በቦሳ አዲስ ሰፈርም ሆነ በአጋሮ ወይም በሊሙ የገጠር ቀበሌ የታመመውን የሚጠይቅ ወጣት ሐኪም የበሽታውን ዓይነት ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ የበሽተኛውን ቋንቋ፥ እምነትና ልማድ፥ በዚያም ምድር የሆነውን ነገር ካላወቀ መድኃኒቱን ይሰጣል እንጂ ሰውዬውን አያገኘውም። ኦሮሞውንና አማራውን፥ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፥ ከከፋና ከዳውሮ የመጣውን ባንድ ቀን የሚያክም ሰው ያለዚህ ዕውቀት ምን ያደርጋል?

የመሰናዶው ትምህርት የተባለውን ያህል እንዳልሸፈነ በጊዜ ብዛት ታወቀ። የትምህርት ፍኖተ ካርታ የሚባለው ጥናት ተመክሮበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው የጋራ ዓመት ተመለሰ። አሁን ወደ ሕክምናም ሆነ ወደ ምሕንድስና የሚሄደው ተማሪ አስቀድሞ የአመክንዮና የሂሳዊ አስተሳሰብን ትምህርት፥ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ባህል የሚያጠናውን አንትሮፖሎጂ፥ የሥነ ምግባሩን፥ የሥነ ልቡናውንና የመልክዐ ምድሩን ትምህርት እንዲማር ተደነገገ። ከነዚህም ጋር የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚባለው ትምህርት ተሰናዳ።

ከሁሉ ይልቅ ክርክር ያስነሣው ይኸው የታሪኩ ትምህርት ነው። የአመክንዮው ትምህርት ሲመጣ ማንም አልተጣላም፤ ታሪክ ሲመጣ ግን የታሪክ ሊቃውንት ራሳቸው ምን ይግባ፥ ምን ይውጣ፥ በምንስ ስም ይጠራ ብለው ተከራከሩ። አንዱ ወገን የአገሪቱ አንድነት ተዘነጋ ሲል፥ ሌላው የሕዝቤ መከራ ተሸፈነ፥ አገሬ በዳር ቀረች አለ። ይህ ክርክር ትምህርቱን ያዘገየ፥ ብዙ ሰውንም ያስቀየመ ቢሆንም እንደ ክፉ ምልክት ብቻ ሊታይ አይገባውም። ሰው የሚከራከረው ይገባኛል በሚለው ርስት ነውና፤ ማንም የእኔ አይደለም ብሎ በተወው መሬት ክርክር አይነሣም።

መጽሐፉን ገልጦ ለሚያየው የጅማ ተማሪ በውስጡ የሚያውቀው ነገር አለ። በሰባት ምዕራፍ ከሰው ዘር አመጣጥ ተነሥቶ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ሲደርስ፥ የአክሱምና የላሊበላ ነገር ባለበት መጽሐፍ የጊቤ መንግሥታት ነገርም ይገኛል፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ ናቸው። የጥንቱ እናርያ ገዢ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን መጠመቁን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፥ በዚያው ምድር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተነሡት የጊቤ ነገሥታት እስልምናን መቀበላቸውንም ይማራል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት ማዳናቸውን የሚያደንቅ ተማሪም፥ በሒርማታ ገበያ ስለ ተሸጡት ሰዎች መስማት ይገባዋል። ለራስ ወገን የሚያስመሰግነውን ብቻ የሚናገር ታሪክ ከቤት ሊወራ ይችላል፤ በጋራ ጉባኤ የሚነገረው ግን የሚያስመሰግነውንም የሚያሳፍረውንም አንድ ላይ ያቀርባል።

እንግዲህ የቀረው ጥያቄ እንዴት ይማሩት የሚለው ነው። የጋራው ትምህርት የተመለሰው ክፍሉ በሰው በተጨናነቀበት፥ የአገሩ ታሪክ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በሚሰጥበት፥ ተማሪውም ወደ ተመኘው ሙያ የሚያደርሰውን ነጥብ ብቻ በሚቈጥርበት ጊዜ ነው። ተመልሶም ብዙ ሳይቆይ በመጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የትምህርት በሮች ተዘግተው ነበር። መጽሐፉ ምንም ያህል ደግ ቢሆን፥ ተማሪው ለፈተና በቃሉ ሸምድዶ በማግሥቱ የሚረሳው ከሆነ ዕጣው ከ1983 በፊት ከነበረው የግድ ፍልስፍና ዕጣ የተለየ አይሆንም። ያ ትምህርት የወደቀው ሁሉ እንዲማረው በመታዘዙ አይደለም፤ ሁሉ አንድ ቃል እንዲናገር በመታዘዙ ነው እንጂ።

የቅኔው ቤት ለብዙ መቶ ዓመት ሳይዘጋ የኖረው ምሥጢሩ ከዚህ ላይ ነው። ሰዋስው የጋራ ነው፥ ሥርዓቱና የቤቱ ልክም የጋራ ነው፤ ቅኔው ግን የየራስ ነው። እንዲሁም የታሪኩ ማስረጃና የምርመራው ሕግ ለሁሉ አንድ ይሁን፤ ከቦሳ አዲስ የመጣው ተማሪና ከጎጃም ወይም ከሐረር የመጣው ተማሪ ግን በዚያ ሕግ የየራሳቸውን ቈጥረው በመምህሩና በባልንጀሮቻቸው ፊት ይንገሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ፤ የጐደለውን ይሙላ፥ የተጣመመውን ያቅና። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ መሐንዲስ፥ አንዱ የቡና ምርምር ሊቅ ሊሆን ይበተናል። ሐሙስ ያልተገናኘ ነጋዴ በሌላው ቀን ባልንጀራውን ቢያገኘው አያውቀውም፤ በአንድ ጉባኤ ያልተነጋገሩ ምሁራንም ኋላ በአገር ጉዳይ በተገናኙ ጊዜ እርስ በርሳቸው እንግዶች ይሆናሉ።